ከሁለቱ ቡችሎች የትኛው ለቤታችን ይሆናል? ጥያቄዬና የመጡልኝ 31 መልሶች

ጥያቄውን እዚህ መድረክ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ጾመ ነነዌ ባለቀ ሳምንት፣ ቅዳሜ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነበር። የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅና የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ፤ የባለቤቴ እናትም ከማቻከል መጥተው አብረውን ይኖራሉ። ሴት ልጄ ውሻ ካልገባልኝ ብላ ዓመት ሙሉ አላስቀመጠችንም። በመጨረሻ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ቡችሎች ቀረቡልን። አንደኛዋ አዲስ አበባ እህቴ ቤት ያለች ነጭ ቡችላ ናት፤ እናቷ ማልቲዝ የምትባል ትንሽ ነጭ የውሻ ዘር ናት፣ አባቷ ጠጉረ ጥቅልል ከሆኑት ከፑድል ዓይነቶች ትንሹ ነው፤ ሦስት ወር ሞልቷታል። ሁለተኛው እዚሁ ሰፈራችን የተወለደ ቀይ ዳማ ነው። እናቱ እግረ አጭር፣ ወገበ ረጅም ዳሽሁንድ ስትሆን አባቱ ማን እንደሆነ የሚያውቀው አጥሩ ብቻ ነው። ጆሮው ግማሹ ቆሞ ግማሹ ወድቋል፤ ገና ሁለት ወሩ ነው። ሴት ልጄ አቧራ ሲነካት እንደምታስነጥስ ጨምሬ፣ ከሁለቱ ክልሶች ለልጆች የሚሻለው የትኛው ነው ብዬ ጠየቅሁ።

አሥር መልስ ባገኝ ይበቃኛል ብዬ ነበር። እንዳሉ መገልበጡ ስለሚረዝም እንደገባኝ ልተርካቸው።

1ኛው መልስ ከፍኖተ ሰላም የመጣ ነው፤ የጻፈው ትሑት ሰው ነው። ነጯን መረጠልኝ። ፑድል የሰው ፊት እያየ የሚማር ዘር እንደሆነ፣ ድሮ ያራቡት ሰዎች የተመታ ዳክዬ ከውኃ እንዲያመጣላቸው ያሠለጥኑት ስለነበር ትእዛዝ መቀበል በደሙ እንዳለ፣ ጠጉሩም ምንጣፍ ላይ እንደማይራገፍ አስረዳ። ማልቲዝም ከሦስት ኪሎ ብዙ ስለማታልፍ ለጠባብ ቤት ትስማማለች አለ።

2ኛዋ ከባሕር ዳር ናት። እርሱን አመስግና ጀመረችና ነገሩን አፈረሰችው። የማይራገፍ ጠጉር የትም አይሄድም፤ እዚያው ይጠላለፋል። በየቀኑ ካልተበጠረ ጆሮ ሥርና ብብት ውስጥ እንደ ባና ይጠቀጠቃል፤ ከሥሩም ቆዳው ይቆስላል። በየስድስት ወይም በየስምንት ሳምንቱ መቆረጥ አለበት። በሐምሌ ጭቃ ነጭ ውሻ ምን እንደሚመስል እንዳስብ ነገረችኝና፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የውሻ ጠጉር የሚቆርጥልኝ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የወንድ ልጄን ጠጉር የሚቆርጥልንን ሰው አሰብኩትና ብቻዬን ሳቅሁ። ልጄን ለማስቀመጥ እንኳ ከረሜላ ይዞ ነው የሚሠራው።

3ኛው በጣም እርግጠኛ ሆኖ የፑድል ክልስ ጨርሶ አለርጂ እንደማያስነሳ፣ ስለዚህ ለምታስነጥሰው ልጄ ከዚህ ሌላ ምርጫ እንደሌለ ጻፈ። እኔም እንዲሁ ሰምቼ ነበር። ቀጥሎ 4ኛው ስለሌላ ጉዳይ ስለተቆጡ ማንም ሳይመልስለት ቆየ፤ 5ኛው መጥቶ እስኪያርመው ድረስ። ሰውን የሚያስነጥሰው ነገር የሚገኘው በውሻው ምራቅና ከቆዳው በሚረግፈው ፎረፎር ውስጥ ነው፤ ጠጉሩ ተሸካሚ እንጂ ምንጭ አይደለም። ምራቅና ቆዳ የሌለው ውሻ ደግሞ የለም። 5ኛው አንድ ታሪክ ጨመረ፤ ለእኔ አዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ዋሊ ኮንሮን የተባለ አውስትራሊያዊ፣ ለዓይነ ስውራን መሪ ውሻ በሚያሠለጥን ተቋም ሲሠራ፣ ባሏ አለርጂ ላለበት የሃዋይ ዓይነ ስውር ሴት ፑድልን ላብራዶር ከሚባለው የውሻ ዘር ጋር አዳቀለ። ሦስት ቡችሎች ተወለዱ፤ ባልየው ግን የተስማማው ከአንዱ ጋር ብቻ ነበር። ወንድማማች ቡችሎች እንኳን እንደዚህ ከተለያዩ ስለ ዘር ስም ማውራት ምን ይጠቅማል? ኮንሮን ራሱ ኋላ ላይ፣ ይህ የማዳቀል ሩጫ ዓለምን ሲያጥለቀልቅ አይቶ በሠራው ነገር መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። የ5ኛው ምክር አጭር ነበር፤ ልጅቷን ከራሱ ከቡችላው ጋር ጥቂት ቀን ከሰዓት በኋላ አውሏትና ተመልከቱ።

አሁን ወደ 4ኛው እመለሳለሁ፤ ክሩን፣ ማለትም የመልሶቹን ሰንሰለት፣ ያሞቁት እርሳቸው ናቸውና። በዕድሜ ገፋ ያሉ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ልጄ ብለው ነው የሚጠሩኝ። ውሻ የደጅ እንስሳ ነው አሉ። ጠበል በሚቀመጥበት፣ ዳዊት በሚደገምበት ቤት ውሻን ምንጣፍ ላይ ማስተኛት ከፈረንጅ የተቀዳ ልማድ ነው፤ ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቢገባ ምን እንደሚከተል የማያውቅ የለም፤ የክርስቲያን ቤትስ? ሁለቱም ቡችሎች አይረቡም፤ ለግቢ የሚሆን ደረቱ ሰፊ የሐበሻ ውሻ ፈልጊ። በቁጣቸው ውስጥ ግን ያልካድኩት እውነት ነበር፤ አማቴም ቤት ውስጥ ያለመናገራቸው እንጂ የሚያስቡት ይህንኑ እንደሆነ ጠርጥሬ ነበር።

6ኛው ከእንጅባራ መለሰላቸው። ይህ ሰው ሲጽፍ አይቸኩልም። አንዲት ትንሽ ክልስ ነበረችው፤ ከቤቱ ጎን፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ከጣውላ በሠራላት ቤት ታድር ነበር። አንድ የሐምሌ ሌሊት ጎርፍ የአጥሩን ሥር ቦረቦረው። ጅቦቹ በዚያ ገቡ። የጎረቤት ትልልቅ ውሾች ከሩቅ ሲጮኹ ወደ ግድግዳው ተጠግተው ነበር፤ የእርሱ ትንሿ ግን ወደ ቀዳዳው ሮጣ ጮኸች። ትንሽ ውሻ መጠኑን አያውቅም፤ ጅቡ ግን ያውቀዋል አለ። ጠዋት ያገኘው የአንገቷን ማሰሪያ ብቻ ነው። ልጁ ማሰሪያውን እስካሁን ደብተሩ ውስጥ ይዞት እንደሚገኝ ጻፈና፣ እነዚህን ቡችሎች ደጅ አሳድሩ የሚል ሰው የጎጃምን ሌሊት ረስቷል ብሎ ጨረሰ።

7ኛው መልስ ከ4ኛው ከእርሳቸው ነው፤ አላለፉትም። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኸውን ውሻ ተረቱበት። አጥሩን በሰኔ ቢያጥር ኖሮ በሐምሌ ባላለቀሰ ነበር፣ ጥፋቱም የጅቡ ሳይሆን የባለቤቱ ነው አሉ። ልጁን ያስለቀሰ ነገር ላይ እንዲህ መናገር ክፋት ነው ብዬ ልጽፍ ጀምሬ ተውኩት። እንኳን ተውኩት፤ ቀጥሎ 8ኛው መጣ።

ከዚህ ክር አንድ መልስ ብቻ አስቀሪ ብባል የማስቀረው ይህን ነው። ጸሐፊው በዳንግላ አካባቢ ለብዙ ዓመታት የሠሩ የእንስሳት ሐኪም መሆናቸውን ተናገሩ። ስለ ዘር ከማውራታቸው በፊት ስለ እብድ ውሻ በሽታ ተናገሩ። በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው ጊዜያት እስከ 99 በመቶ የሚደርሰው በውሻ ነው፤ በአጠራጣሪ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች መካከልም 40 በመቶው ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንደሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ስለዚህ የትኛውንም ቡችላ ብወስድ ሦስት ወር ሲሞላው ክትባቱን እንዲያገኝ፣ ከዚያም እንዲደገምለት። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በሚፈስ ውኃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሐኪም የሚያደርገው ነገር የለም፤ ከንክሻው እስከ ምልክቱ ደግሞ ሳምንታት ወይም ወራት ስለሚያልፉ ሰው ዳንኩ ብሎ ይዘናጋል።

ከዚያ ወደ ሁለቱ ቡችሎች መጡ። ነጯ ስታድግም ትንሽ ናት፤ እንደዚህ ያለች ቡችላ ምግብ ከዘለለች በሰዓታት ውስጥ በደሟ ያለው ስኳር ወርዶ ልትንቀጠቀጥ ትችላለች። የአራት ዓመት ልጅ እቅፍ ውስጥ ሆና ብትወድቅ አጥንቷ ቀጭን ነው። ቀዩ ደግሞ የእናቱን ወገብ ከወረሰ መጠንቀቅ ያለብኝ ከሌላ ነገር ነው፤ ዳሽሁንድ ጉድጓድ ውስጥ የተሸሸገ አውሬ ተከትሎ እንዲገባ የተራባ ስለሆነ ወገቡ ረጅም ነው፤ በአከርካሪው አጥንቶች መካከል ያለው ልስልስ አካል ሲሾልክ የኋላ እግሮቹ ሊያዙ ይችላሉ። ከአልጋ አይዝለል፣ አይወፍር፣ ሲነሳም አንድ እጅ ከደረቱ ሌላው ከኋላው ይደግፈው። አባቱ የሐበሻ ውሻ ከሆነ ወገቡ አጥሮ እግሩ ረዝሞ ሊወጣም ይችላል፤ በሁለት ወሩ አይታወቅም። ይጮኻል፣ ይቆፍራል፤ የጎመን መደብ ካለኝ እንድሰናበተው መከሩኝ። ለምርጫው የሰጡኝ ምክር አንድ ነበር፤ የቡችላውን ዘር ትቼ እናቱን ሄጄ እንዳያት። እንግዳ ሲመጣ የምትሸሽ ወይም የምትናከስ ከሆነች፣ ልጇ ቢያምርም ልተወው።

ከ9 እስከ 12 ያሉት ስለ ጠበልና ስለ ክትባት ናቸው። አንዱ በጠበል የዳነ ዘመድ አለኝ አለ፤ ሌላው ሃይማኖትን የሚያንቋሽሽ ነገር ጻፈ፤ ስድብ ተለዋወጡ። 11ኛዋ ጸሐፊ ግን ያደገችበትን ሰፈር አንድ ልጅ ታሪክ በአምስት መስመር ብቻ ጻፈች። ልጁ ተነከሰ፤ ቤተሰቡ የሥር መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ወሰዱት፤ ቁስሉ ደረቀ፤ ትምህርት ቤት ተመለሰ፤ ከሁለት ወር በኋላ ውኃ ሲያይ ማንቀጥቀጥ ጀመረው። ከዚያ በላይ አልጻፈችም። ሐኪሙ በ12ኛው መልስ ጠበሉንም ጠጡ፣ መርፌውንም ተወጉ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም ብለው ክርክሩን ዘጉት፤ 4ኛውም ዝም አሉ። እኔ እንደ ስምምነት ቆጠርኩት።

13ኛው ማንም ያላሰበውን አነሳ። ዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረውም፤ 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው፤ ቤት ውስጥም ሥጋ አይሠራም። ቡችላው ምን ይበላል? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ክሩ ለሁለት ቀን በዚህ ላይ ቆየ። 14ኛዋ ጾም የታዘዘው ለሰው ነው፣ እንስሳ ምን ኃጢአት አለበት አለች። 15ኛው፣ ቀልደኛ ነው፣ ገና ባለፈው ሳምንት የጾምነውን ነነዌን አስታወሳት፤ በንጉሡ አዋጅ ከብቱም በጉም ምግብ እንዳይቀምስ ተከልክሎ አልነበረምን? ያ ግን ሦስት ቀን ነበር፣ ቡችላን ለ55 ቀን ሽሮ ላይ ማዋል የነነዌ ንጉሥም አላሰበው ብሎ ራሱ መለሰ። በዚህ ክር ከሳቅሁባቸው መልሶች አንዱ ነው።

ቁም ነገሩን ያመጣችው 16ኛዋ ናት፤ ቡሬ ትኖራለች፤ ሦስት ውሾች አሏት። ጾም ሳይገባ ከሥጋ ቤት ሳንባና ጨጓራ ገዝታ በደንብ ቀቅላ ታደርቀዋለች፤ በጾሙ ወራት ከበቆሎ ገንፎ ጋር እየቀላቀለች፣ በመካከሉ የተቀቀለ እንቁላል እየጨመረች ታበላቸዋለች። ጥሬ ሳንባና ጉበት አትስጡ ስትል ሐኪሙ ወዲያው ደገፏት፤ በጉ ወይም በሬው ሳንባ ላይ ያ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካለ፣ ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣል፤ በልጅ እጅ ወደ ልጅ አፍ ይገባል፤ ከረጢቱም በልጁ ጉበት ላይ ይበቅላል። በየበዓሉ ከእርድ በኋላ ለውሻ የምንወረውረውን አስቤ ደነገጥኩ። አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ እኔም አድርጌአለሁ።

ይህችው 16ኛዋ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያለበትን ወጥ ከለከለች፤ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። በፋሲካ የዶሮ ወጥ ትራፊ ለውሻ ሲሰጥ ሽንኩርቱ አንድ ጉዳት፣ ሲበስል የሚሰነጠቀው የዶሮ አጥንት ሌላ ጉዳት ነው አለች። 17ኛው ተናደደ። እርሱ ውሻውን ዐሥር ዓመት ሙሉ ወጥ እያበላ እንዳሳደገ፣ ውሻው እስካሁን ቀበሮ እንደሚያባርር፣ ይህ ሁሉ የተማሩ ሰዎች ጭንቀት እንደሆነ ጻፈ። ሐኪሙ በ18ኛው ትዕግሥት ባለው ቋንቋ፣ የእርሱ ውሻ ምናልባት ሃያ ኪሎ እንደሚሆን፣ የሚወራው ስለ ሦስት ኪሎ ቡችላ እንደሆነ፣ ያው አንድ ጭልፋ ወጥ ለሁለቱ አንድ እንዳልሆነ ነገሩት። 17ኛው አልመለሰም።

19ኛው ቡችላ ሻጭ ነበር። የተጠየቀው ነገር ሳይሆን የራሱ ዋጋ ነው የታየው። ሦስት ሰዎች አባረሩት፤ የጻፉት አንድ አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ ከመልሶቹ ጋር አልቆጠርኳቸውም።

ከ20 እስከ 23 ድረስ ሰው ሁሉ ጥያቄዬን ረስቶ ስለ ውሻ ስም ያወራ ነበር። አንዱ የከተማ ውሻ ሁሉ ቡቺ ወይም ጃክ መሆኑ አሳዘነው። የድሮ ሰው ለውሻው የሚያወጣው ስም ለጎረቤት የተላከ መልእክት ነበር፤ ፊት ለፊት ሊናገረው የማይችለውን ነገር፣ ማታ ማታ ውሻውን በስሙ እየተጣራ ያሰማው ነበር። 22ኛዋ የአያቷ ውሻ ማን አማረረ ይባል እንደነበረና፣ ስሙ የተወረወረበት ጎረቤት በምላሹ የራሱን ውሻ እኔ መች አልኩ ብሎ እንደሰየመው ተረከች። ሁለቱ ሽማግሌዎች በዚህ መልክ ስድስት ዓመት ሲጨቃጨቁ ኖረው ማንም በዳኛ ፊት አልቆመም።

24ኛዋ ከዚህ ጨዋታ መካከል ገብታ ደረቅ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ስለታም ነበረች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ቤት የሚውለው ማን ነው? ስለ ዘር፣ ስለ ጠጉር፣ ስለ ጅብ ሁሉም ተናገረ፤ ጠያቂዋ ግን ቡችላውን ማን እንደሚያበላው፣ ሲሸና ማን እንደሚጠርግ አንድም ቃል አልጻፈችም አለች። ከንፈሬን ነከስኩ። እኔና ባለቤቴ ሥራ ነን፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት። ቤት የሚውሉት አማቴና የአራት ዓመቱ ልጅ ናቸው። እርሳቸውን ደግሞ የጠየቃቸው የለም።

እሑድ ቡና ተፈልቶ ሳለ መልሶቹን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። የ4ኛውን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የ6ኛውን ሲሰሙ ጅቡን ረገሙ። ከዚያ፣ ይህ ሁሉ የማላውቀው ሕዝብ ሲጠየቅ እኔ የተጠየቅሁት ዛሬ ነው አሉኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ውሻ አልጠላም፣ ማቻከል ከውሻ ጋር ነው ያደግሁት አሉ። የማይሆነው አልጋዬ አጠገብ ነው፤ ራስጌዬ ጠበልና ዳዊት አለ። ደጅም አይደር። ማድ ቤት ይደር፤ ምድጃው ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት አያጣም፣ በሩም ይዘጋል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ብርድ ቀልድ አይደለም።

በማግስቱ ከዘራቸውን ይዘው፣ ወንድ ልጄን አስከትለው፣ ቀዩ ቡችላ የተወለደበት ግቢ ሄዱ። ሐኪሙ እናቱን እይ ማለታቸውን አላነበብኩላቸውም ነበር፤ ልጆቹ ሲጫወቱ ዘልዬው ነው። እርሳቸው ግን መጀመሪያ የጠየቁት እናቲቱን ነው። ዳሽሁንዷ ጮኸች፤ ባለቤቲቱ ስትናገራት ዝም ብላ መጥታ ከዘራውን አሸተተች። አንዱን ልጇን ሲያነሱባት ጉሮሮዋን አላንጎራጎረችም፤ ተከትላ ብቻ አየች። ሴት ልጄም ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያ እየዋለች መጣች፤ ያስነጠሰችው አንድ ጊዜ ነው፤ እርሱም ቡችሎቹ የተኙበት የጤፍ ገለባ ሲራገፍ።

እውነቱን ልናገርና፣ ከነጯ ጋር ያለው ነገር በእኛ ውሳኔ አላለቀም። እህቴ ደውላ ልጆቿ አንሰጥም ብለው እንዳለቀሱ፣ ቡችላዋ እዚያው እንደምትቀር ነገረችኝ። ይህን ሁሉ በ25ኛው ጻፍኩት። 26ኛው ሁለት ሳምንት ያስለፋሽን ለዚህ ነው ወይ ብሎ ተቆጣ፤ ተወስኖ ያለቀ ነገር ሕዝብ አይጠየቅም አለ። 27ኛዋ ደግሞ፣ እርሷ ራሷ ያለችበትን ተመሳሳይ ጣጣ በዚህ ክር እንደፈታች ጽፋ ተከላከለችልኝ።

28ኛውን ሳይ አላመንኩም፤ 4ኛው ሽማግሌ ናቸው። ማድ ቤት ከሆነ እስማማለሁ አሉ፤ ወዲያውም ሥራ አዘዙኝ። ሣጥኑ ከመሬት ስንዝር ብቻ ከፍ ይበል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ለወገቡ አይሆንም፤ ገለባው በየሳምንቱ ይለወጥ፣ አለበለዚያ ቁንጫው ወደ ልጆቹ ይሻገራል፤ የማድ ቤቱ በር ሥር ክፍተት ካለ በድንጋይ ይደፈን። የወገቡን ነገር ያስቀመጡት ከ8ኛው ሐኪም መልስ አንብበው መሆኑ ግልጽ ነው፤ ስማቸውን ግን አላነሱም። 29ኛው ሐኪሙ ናቸው፤ የትል መድኃኒቱን አሁኑኑ፣ የእብድ ውሻውን ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው እንዳልረሳ አሳሰቡኝ። በቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ መጋቢት መጨረሻ ላይ ይውላል።

30ኛዋና 31ኛው ስሙን ጠየቁኝ። ስሙን ያወጡት አማቴ ናቸው፤ ከ20 እስከ 23 ያሉትን መልሶች ሁለት ጊዜ አስነብበውኝ ነው። ማታ ማታ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ቆመው ሲጣሩት ሦስት ቤት ይሰማል። እዚህ ግን አልጽፈውም፤ ስሙ የተላከላት ጎረቤታችን ይህን መድረክ ታነባለች።